በቀኝ የምትመታ ልብ

«ትንፋሽ ያዢ!» አለ የራጅ ባለሙያው ከመስታወቱ ኋላ። በላይነሽ ያዘች። የተኛችበት አልጋ በትልቁ ቀለበት ውስጥ ቀስ እያለ ሲገባ ግራ ጎኗን ቀስፎ ያዛትና ልትጮህ ምንም አልቀራት።

«ተንፍሺ።»

ባለሙያው ከክፍሉ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። «ቀኝ እጅሽን አንሺ» አላት። አነሳች። ተመልሶ ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መጣ። «ይቺ ቀኝሽ ናት?» ግራና ቀኙን የማያውቅ ሰው መሰላትና ሕመሙ ባይዛት ኖሮ በሳቀችበት ነበር።

ቤይሩት ከገባች አምስት ዓመቷ ነው። ባዕብዳ ሰፈር በሠራተኝነት ከነበረችበት ቤት የወጣችው ማዳሟ ከእናቷ ጋር በስልክ አላገናኝ ብላት ነው። ከዚያ ወዲህ የመኖሪያ ወረቀት የላትም። መዝረዓ ሰፈር ውስጥ ከጓደኛዋ ከአስካለ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የሰው ቤት እየዞረች ታጸዳለች። ትናንት ደረጃ ስታጥብ ጎኗን ያዛት። ዛሬ ጠዋት መቆም ሲያቅታት አስካለ የራሷን የመኖሪያ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት።

«ፎቶው እኮ ያንቺ ነው» አለቻት በላይነሽ።

«ለነሱ ሐበሻ ሁሉ አንድ መልክ ነው። ያላ፣ ተነሺ!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሁለቱም አንድ ነገር ዘነጉ። አስካለ ለዚሁ ወረቀት ሲባል ደረቷን ራጅ የተነሳችው በዚሁ ሆስፒታል ነበር።

ዶክተር አባስ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። በላይነሽንና አብራት የመጣችውን አስካለን አስቀምጠው አዲሱን ፊልም መብራቱ ላይ ሰቀሉት።

«ይሄ የዛሬው ሲቲ ስካን ነው። ጉበት በግራ፣ ልብ በቀኝ። ያኒ፣ ሆድ ዕቃሽ ሁሉ ተገልብጦ ነው የተፈጠረው። ከስንት ሺህ ሰው አንድ ነው እንዲህ የሚሆነው፤ በሽታ አይደለም። ትርፍ አንጀትሽ ግን አብጧል፤ እሱም በግራ ነው ያለው። ዛሬውኑ መውጣት አለበት።» ከፖስታ ውስጥ ሌላ ፊልም አውጥተው ከጎኑ ሰቀሉ። «ይሄ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የተነሳ የአስካለ ራጅ ነው። ልቧ በግራ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ልብ መንገድ አይሄድም፣ ልጄ።»

በላይነሽ ወረቀቱ የሌላ ሰው መሆኑ እንደተነቃ ገባት። ድንጋጤው መሐል ግን የመጣችባት እናቷ ነበረች። ልጅ ሆና ደብረ ታቦር፣ እናቷ በልጇ ደረት ላይ ጆሮዋን አስደግፋ፣ «የኔ ልጅ ልቧ በቀኝ ነው የሚመታው» ትል ነበር። ጎረቤቱ፣ «እናት የማትለው የላት» እያለ ይስቅባታል። ያቺ እናቷ እውነቷን ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ደረቷ ላይ ጆሮውን አላስደገፈም፤ ናፍቆቱ ከጎኗ ሕመም ይልቅ አንገበገባት።

ዶክተሩ የድሮውን ፊልም ወደ ፖስታው መለሱት።

«ይሄን አላየሁም። ቢላዋ ስም አያነብም። ይሄን የቀዶ ጥገና ፈቃድ አስካለ ብለሽ ፈርሚና እንግባ። እውነተኛ ስምሽን ከሰጠሽኝ ግን የሆስፒታሉ ቢሮ ለፖሊስ መናገሩ አይቀርም። ሲሻልሽ ይወስዱሽና ወደ አገርሽ ይልኩሻል።»

«ሰማሽ? ኸላስ፣ በቃ ፈርሚ!» አለች አስካለ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ። «አይተው እንዳላዩ እያለፉን ነው። ባዶ እጅሽን ልትመለሺ ነው? ለእናትሽ ቤት ሳልሠራ አልመለስም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

በላይነሽ እስክሪብቶውን አነሳች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ዶክተር፣ ከዚህ ቀዶ ጥገና ሳይነሳ የሚቀር ሰው አለ?» አለች።

«ጥቂት ነው። ግን ዘግይተሽ ነው የመጣሽው፤ አልዋሽሽም።»

እጇ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ብትሞት የምትሞተው በአስካለ ስም ነው። መርዶ ነጋሪዎች ገና ጎህ ሳይቀድ ደሴ የአስካለን እናት በር ያንኳኳሉ፤ በሕይወት ላለች ልጅ ለቅሶ ይቀመጣል። ደብረ ታቦር ግን ምንም አይሰማም። እናቷ ከዓረብ አገር የተመለሰችውን ሁሉ እየጠየቀች፣ በር በሩን እያየች ታረጃለች።

«አስካልዬ፣ እናትሽ የማንን ለቅሶ ልትቀመጥ ነው?»

አስካለ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች። «አትሞችም! ምን ሟርት ነው የምታወሪው?»

«ብሞትስ? የኔዋ እስከ መቼ ትጠብቀኝ?» ዕንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ወደ ዶክተሩ ዞራ በአረብኛ፣ «ወረቀቱን ሳታየኝ ከቦርሳዋ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም» አለች።

ዶክተር አባስ አስካለን አዩዋት። አስካለ መሬት መሬቱን አየች። ዶክተሩ አዲስ ቅጽ ሳቡ።

«ስም?»

«በላይነሽ ገብረ መድኅን።»

«የእናት ስም?»

ጠዋት በመጀመሪያው ቅጽ ላይ የአስካለን እናት ስም ነበር ያስጻፈችው። አሁን ቀኝ ደረቷን በእጇ ያዝ አድርጋ፣ «የምስራች» አለች። ዶክተሩ እንዳይሳሳቱ ደግማ፣ ቀስ አድርጋ ነገረቻቸው።