ወይዘሮ ለማን

«ሰኞ እናውጣት?» አለ አለቃው የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማው ወደ ታናሽየዋ ጠጋ ብሎ። «ሰዓቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አሁን የእህትሽን ቦታ የያዝሽው አንቺ ነሽ። እሺ ካልሽኝ ለሁሉም እደውላለሁ።»

ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራ እንቅልፍ ነስቶት ነው። ትውጣ የተባለችው መድኃኒት የት እንደሚገኝ የምትናገር የስልክ መተግበሪያ ናት። ታላቅ እህቷ ከጅምሩ ያሳደገቻት እሷው ሆና፣ ልትለቀቅ ስትል «አትወጣም» ብላ ያዘቻት። «ምክንያቱን ነገ አሳያችኋለሁ» እንዳለች ልቧ ቀጥ ብሎ አረፈች። አሁን እሺም እንቢም የማለቱ ጣጣ በታናሽየዋ ላይ ወደቀ። እሷ ደግሞ በዚያው ቢሮ የሙከራ ጊዜዋን እንኳ አልጨረሰችም። አለቃውን ያስቀየመ ጀማሪ መጨረሻው የት እንደሆነ ይታወቃል።

«ላስብበት» አለች።

ከወዲያ በኩል አጎትየው ለጎረቤታቸው በሹክሹክታ ያስረዳሉ። የእሳቸው ሹክሹክታ ደግሞ መንገድ ድረስ ይሰማል።

«ፕሮዳክት ማናጀር ነበረች። ማናጀርስ ማናጀር ናት፤ የምታዘው አንድ ሠራተኛ ግን የላትም! ኮድ አትጽፍ፣ ሥዕሉን አትሥል፣ አትሸጥ። አንድ ቀን ‹ታዲያ ምንድን ነው ሥራሽ?› ብላት ‹እጠይቃለሁ› አለችኝ። ጠይቆ ደመወዝ!»

«ታድላ!» አለ ጎረቤቱ።

ታናሽየዋ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። እውነት ነው፣ እትዬ ትጠይቅ ነበር። ስትቀጠር ሥራዋ የደንበኞችን አቤቱታ በስልክ መቀበል ነበር። ሰው ሲጮኽባት ውሎ ጆሮዋ ቀልቶ ወደ ቤት ትገባለች። ሌሎቹ ይቅርታ ብለው ሲዘጉ እሷ «አሁን የት ሆነው ነው? ምን ይታይዎታል? ከዚያስ ምን ነኩ?» ማለት አመጣች። ብላ ብላም በምሳ ሰዓቷ የጮኹባት ሰዎች ዘንድ መሄድ ጀመረች። አዲስ ነገር እንሥራ ተብሎ በተሰበሰቡ ቁጥር በሩ ጋ ቆማ «ለማን ነው?» ትላለች። የቢሮው ወንዶች ሳቁና «ወይዘሮ ለማን» አሏት። ውሎ አድሮ ወይዘሮ ለማን ካልገባች ስብሰባ የማይጀመር ሆነ። ማዕረጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ታናሽየዋንም ወደዚህ ሙያ የጎተተቻት እሷው ናት። የመጀመሪያ ቀን ወፍራም መጽሐፍ ትሰጠኛለች ብላ ስትጠብቅ፣ ፋርማሲ ወስዳ ከአንዲት ሻጭ ጀርባ አስቀመጠቻት። ሻጯ ስልኩን ይዛ ግራ ገባት። ቁልፉ እኮ አፍንጫዋ ሥር ነው! ታናሽየዋ ልታሳያት ጣቷን ስትዘረጋ እትዬ ጭኗን ቆነጠጠቻት።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ሲወጡ፣ ጭኗን እያሸች።

«ልታግዣት ነበራ!»

«ማገዝ ነውር ሆነ?»

«ነገ ብቻዋን ስትሆንስ ከጀርባዋ ትቀመጫለሽ? አንቺ ደግ ስትሆኚ የኛ ስህተት ሳይታይ ያልፋል። እጅሽን ሰብስበሽ እዪ።»

እሷ ስታይ ደግሞ! የሻጯ ግንባር ሲቋጠር የእሷም ይቋጠራል፤ ሻጯ ስትተነፍስ አብራ ትተነፍሳለች። ታናሽየዋ አብራት ያደገችውን ሴት ያን ቀን ገና ያየቻት መሰላት።

አሁን ያ ሁሉ የታየ ሰው ወደ ለቅሶው ይመጣ ጀመር። ቤተሰቡ አንዳቸውንም አያውቅም። የሊፍት ጠጋኝ መጣ፤ ፋርማሲ ሻጮች ተከታትለው መጡ። እናትየው ሁሉንም «ልጄን ከየት ታውቋታላችሁ?» ይላሉ። መልሱ አንድ ነው፤ «አጠገቤ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር።»

«ፊደሉ አነሰብኝ ብያት ነበር» አሉ መነጽራቸው የወፈረ ጡረተኛ መምህር። «ትንሽ ቆይታ ደወለችና ‹አሁንስ?› አለችኝ። ብከፍተው አድጓል። የሁሉም ሰው ስልክ ላይ፣ ለኔ ተብሎ!»

ወንበር አለቀ። ለማንም ተነሥተው የማያውቁት አጎትየው ወንበራቸውን ለቀው ግድግዳ ተደገፉ። «ይህን ሁሉ ሰው መቼ ደርሳ ጠየቀችው?» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት እያንሾካሾኩ።

ከሁሉም በኋላ አንዲት የዳቦ ቤት ሠራተኛ ገባችና እናትየው አጠገብ ተቀመጠች።

«ለትንሿ ልጄ መድኃኒት ስፈልግ ፋርማሲው ውስጥ አገኘኋት» አለች። «‹እስቲ በዚህ ሞክሪ› ብላ ስልክ ሰጠችኝ። ስሙን ጻፍኩ። ‹የለም› አለኝ። ስልኩን መለስኩላትና ሄድኩ።»

«ወዴት?» አለ አለቃው ከኋላ ሆኖ።

«ወደ ቤቴ ነዋ! የለም ተባልኩ እኮ! በከተማው ጨርሶ የጠፋ መሰለኝ። በሩ ላይ ደረሰችብኝ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ‹እኛ ያልመዘገብነው ፋርማሲ ስንት አለ መሰለሽ! የለም ያልንሽ ስለማናውቅ ነው› አለች። ስትደውል፣ ይዛኝ ስትዞር ቆይታ አገኘችልኝ።»

አለቃው ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ወደ ታናሽየዋም ዘንበል አለ።

«‹የለም› እኮ አንድ ቃል ናት። ወጥታ ብትስተካከልስ?»

«እስክትስተካከል ስንት ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል?» አለች። «አትወጣም።»

«ይህን የምትለው እሷ ናት ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ።»

«የበላዮቹ ይጮኹብሻል።»

«ይጩኹ። አዳምጣቸዋለሁ።»

አለቃው ትክ ብሎ አያት፤ የሚያየው አንድ ሰው ይሁን ሁለት የተምታታበት ይመስላል። ከዚያ ስልኩን አወጣና ሊደውል ወደ ግቢው ወጣ። «ሰኞ ቀርቷል» ሲል በመስኮቱ ተሰማ።

እናትየው ይህን አልሰሙም። የዳቦ ቤቷን ሴት እጅ እንደያዙ ናቸው።

«ልጅሽስ? ዳነች?»

«ድናለች እማማ። ያችትና።»

በሩ ጋ አንዲት ትንሽ ልጅ የግራ ጫማዋን በቀኝ እግሯ አጥልቃ ቆማለች።

እናትየው ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሳይደግፋቸው ተነሥተው አያውቁም ነበር። ተነሡ። በወንበሮቹ መሃል አልፈው ሄዱና ጎንበስ ብለው የእጃቸውን ጀርባ በልጅቷ ግንባር ላይ አሳረፉ። ግንባሯ ቀዝቃዛ ነው። እጃቸውን ግን አላነሡም፤ ልጅቷም ዝም ብላ ቆመችላቸው።