ጎማ ያሳመረው አሰልጣኝ

የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ለሚመጡ ሰዎች የመንገድ ሕግ ማስተማር ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ሰልጣኞቼ ከኋላዬ «አንቀጽ» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። አንድ ቀን ባለቤቴ ጨው እንዳቀብላት ጠይቃኝ፣ ከቀኝ የሚመጣ ለምን ቅድሚያ እንደሚሰጠው ሳስረዳት ምሳው ቀዝቅዟል። ይህን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። የሚከተለው ነገር በማያውቅ ሰው ላይ ቢደርስ ያሳዝን ነበር፤ በእኔ ላይ ስለደረሰ ግን ማንም አላዘነልኝም።

የሞተሬ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ እንደ እንቁላል ለስልሰው ነበር። ክፍል ውስጥ «ጥርሱ ባለቀ ጎማ የሚነዳ ሰው ራሱን አይወድም» እያልኩ፣ እኔ በዚያው ጎማ ሁለት ወር ነዳሁ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ ተፈናጣ ወደ ስፌት ቤቷ ትሄዳለች። በመጨረሻ «ወይ ጎማውን ቀይር፣ ወይ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» አለችኝ። በዚያው ቅዳሜ ወደ ጎሚስታዋ ሄድኩ።

ጎሚስታዋ በዕድሜ እናቴ ሊሆኑ ምንም የማይቀራቸው ሴት ናቸው። የመጣውን ሁሉ፣ ብስክሌት ይሁን የጭነት መኪና፣ ሰላምታ ሳይሰጡ በፊት የጎማውን ንፋስ ስለሚለኩ ሰፈሩ «እማማ ንፋስ» ብሏቸዋል። አሮጌዎቹን ጎማዎች ከቸርኬያቸው ላይ እንደ ካልሲ ገፈው አወጡና አዲሶቹን ገጠሙ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስማኝ ልጄ፣ አዲስ ጎማ ያንሸራትታል። ላዩ ገና አልሻከረም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ቅርጹ ላይ እንዳይጣበቅ የሚቀቡት ነገርም አለው። መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እስክትሞላ ቀስ ብለህ ንዳ። ኩርባ ላይ አታጋድል፣ ፍሬን በድንገት አትያዝ። እስከዚያ ሰው ከኋላህ ባትጭንም ይሻላል።»

«እማማ፣ እኔ እኮ አሰልጣኝ ነኝ» አልኳቸው።

«አሰልጣኝ መሆንህን ጎማው አያውቅም» አሉና ወደሚቀጥለው ደንበኛ ሄዱ።

እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ብቻ ቢያበቃ ጥፋቴ ማንም ሰው የሚያጠፋው ጥፋት በሆነ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ጎረቤታችን መኪናውን አጥቦ ጎማዎቹን በማብለጭለጫ ቅባት ሲወለውል አየሁ። የእኔ አዲስ ጎማዎች ከእሱ አሮጌዎች አጠገብ አመድ የነፉባቸው መሰሉ። የቅባቱን ጠርሙስ ተዋስኩት። ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ ነበረ፤ እኔ ደግሞ ከመንገድ ሕግ ሌላ ጽሑፍ የማነብ ሰው አይደለሁም። መጀመሪያ የጎማውን ጎን ብቻ ቀባሁ። ግማሽ ፊቱን ታጥቦ የወጣ ሰው መሰለኝ። ስለዚህ መሬት የሚረግጠውን ጥርሱንም፣ በስፖንጅ፣ ስንጥቅ ለስንጥቅ እየገባሁ አዳረስኩት። ቀብቼ ስጨርስ ጎማው ላይ ፊቴን ማየት ይቻል ነበር። ያየሁት ፊት በጣም የተደሰተ ፊት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ካፊያ ጥሎ መንገዱ ረጥቧል። ባለቤቴ ሄልሜቷን እያሰረች፣ «ሴትዮዋ ስለ ጎማው ምን አሉ?» አለችኝ።

«ጥሩ ጎማ ነው አሉ» አልኳት። እንዲያ አላሉም።

ወደ ስፌት ቤቷ የሚወስደው መንገድ በማሰልጠኛችን በር ፊት ለፊት ይታጠፋል። በሩ ገና ስላልተከፈተ ሰልጣኞቼ ሃያ የሚሆኑት አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ሳያቸው ደረቴ ተነፋ። ያ ኩርባ የሚፈልገው ትንሽ ማጋደል ነው፤ እኔ ግን ለማስተማሪያ እንዲሆን ጨመር አደረግሁበት። ሞተሩ ምንም ሳያስጠነቅቅ ከስሬ ሄደ። እኔ እንደ ጆንያ ተዘረርኩ፤ ሞተሩ ያለ እኔ ጉዞውን ቀጥሎ አጥሩ ሥር ሲደርስ ተኛ።

ከሁሉ በፊት የሰማሁት የባለቤቴን ትንፋሽ ነው። አልጮኸችም። አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ቀኝ ክርኗን በግራ እጇ ይዛለች፤ እጅጌዋ ተቀድዶ ደም ይታያል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሳቅ ሳቅ የሚለኝ ነገር ነበረብኝ፤ እዚያው ጠፋ። ከሰልጣኞቼ አንዷ ነርስ ነበረች፤ ሮጣ መጥታ ክንዷን ዳበሰችና «አልተሰበረም፣ ግን ሐኪም ይየው» አለች። ሌላው፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሞተሬን እያነሱ በትሕትና ጠየቁኝ፦

«አሰልጣኝ፣ ይሄ በስንተኛው አንቀጽ ነው ያለው?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አልዋጠችኝም። ሁሉም መልስ እየጠበቀ ነው። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ጎማው ነው» አልኩ። «የተበላሸ ጎማ ነው የገጠሙልኝ።»

ሐኪሙ ክንዷን አይቶ ለአንድ ሳምንት መርፌ እንዳትይዝ አዘዛት። ከሕክምናው እንደወጣን ባለቤቴ ወደ ቤት አልሄድም አለች።

«ወደ ሴትዮዋ ውሰደኝ። ነገ ሌላ ሰው በዚህ ጎማ ቢሞትስ?»

እውነቱን ለመናገር ይሄ ጥሩ አጋጣሚ ነበር። አልተጠቀምኩበትም። ሞተሩን እየገፋሁ፣ እሷ ክንዷን በሻርፕ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በእግራችን ሄድን።

እማማ ንፋስ ክንዷን ሲያዩ የያዙትን መፍቻ አስቀመጡ። ባለቤቴ ለእኔ ስትከራከር እንደዚያ ቀን ሰምቻት አላውቅም።

«እማማ፣ ባለቤቴ እኮ ተራ ሰው አይደለም። ሥራው ጥንቃቄ ማስተማር ነው። እሱ ከወደቀ ሌላው እንዴት ሊሆን ነው?»

ሴትዮዋ ሞተሩ ሥር ቁጢጥ ብለው ንፋሱን ለኩ፤ ልክ ነው። የጎማውን አቅጣጫ አዩ፤ ልክ ነው። ጣታቸውን ጥርሱ ላይ አሻሹና ከአውራ ጣታቸው ጋር አፋተጉት።

«ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ የመጣ ገጥሞኝ አያውቅም» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ የሚያሙለጨልጭ ከነበረ እኔ እንዴት ሳላየው ገጠምኩት? ዓይኔም ደክሟል። ምናልባት እጄን የምሰበስብበት ጊዜ ደርሶ ይሆናል።» ወደ ባለቤቴ ቀና ብለው፣ «ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት።

ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ሁለት ሞተረኞች አንዱ ሌላውን አየው። ከዚያ ሞተሩን ቀስ ብሎ ወደ ውጭ መግፋት ጀመረ።

ብዙ ጊዜ ፈሪ ነኝ። ግን ሠላሳ ዓመት ጎማ የገጠሙ እጆች በእኔ ስፖንጅ ምክንያት ሲታሙ ማየት ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ?» አለች ባለቤቴ።

«የቀባሁት። እንዲያብለጨልጭ ብዬ። የመኪና ጎማ ጎን የሚቀቡበትን… ጥርሱንም ጭምር። እማማም ቀስ ብለህ ንዳ፣ ሰው አትጫን ብለውኝ ነበር።»

የሚወጣው ሞተረኛ ቆመ። ባለቤቴ እኔን አላየችኝም፤ ጎማውን ነው ያየችው፣ እሱ የሚለው ነገር ካለ ብላ ይመስለኛል። ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ እማማ ንፋስ አልሳቁም።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል» አሉ። «የአንተ መከራ ግን በእሷ ክንድ ላይ ነው የወረደው።»

ለዚህ የሚጠቀስ አንቀጽ የለኝም።

በርጩማ ሰጥተው ባለቤቴን ጥላ ሥር አስቀመጧት። ለእኔ ባልዲ፣ ሳሙናና ብሩሽ አቀበሉኝ። በራቸው ላይ፣ የእግረኛ መንገዱ ዳር ተንበርክኬ ጎማ ሳጥብ ዋልኩ። የመጣ ደንበኛ ሁሉ «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። እማማ ንፋስ ቀና ሳይሉ «እሱው ይንገራችሁ» ይላሉ። ሰባት ጊዜ ተናገርኩ። አራተኛው ላይ ነገሩን ትንሽ ለእኔ እንዲመች አድርጌ ለማሳጠር ስሞክር ባለቤቴ ከበርጩማው ላይ፣ «ስፖንጁን ዘለልከው» አለችኝ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ለስምንተኛ ጊዜ ተናገርኩት፤ የትናንቱ «የተበላሸ ጎማ» ውሸት መሆኑንም ጭምር። ጡረተኛው መምህር ማስታወሻ ይይዙ ነበር። አስራ አንድ ዓመት ሳስተምር አንድም ሰው ሳያንቀላፋ ያለቀ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ ነው።

ከዚያ መቶ ሃምሳው ኪሎ ሜትር መጣ። ባለቤቴ ሞተሩ ላይ አልወጣም ስላለች በእግሯ ትሄዳለች፤ እኔ ቦርሳዋን በኋላ መቀመጫ ላይ ጭኜ ከጎኗ አዘግማለሁ። ብስክሌቶች አለፉኝ። አንድ ሽማግሌ በከዘራ አለፉኝና «ነዳጅ አልቆብህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ማታ ስፌት ቤት ውስጥ የስፌት መኪናው ላይ በቀኝ እጇ ፋንታ ጨርቅ እይዝላታለሁ። ጨርቁን ጠምዝዤ በመያዜ ሁለት ቀሚስ ተጣሞ ተሰፋ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአስፈላጊው በቀር አላናገረችኝም። በአምስተኛው ቀን የጠመዘዝኩትን ቀሚስ ብርሃን ላይ ይዛ አየችውና መሳቅ ጀመረች፤ ክርኗን እያመማት ሳቀች።

ሁለት ሳምንት አልፎ ኪሎ ሜትሩ ሲሞላ ሞተሩን ይዘን ወደ እማማ ንፋስ ሄድን። ንፋሱን ለኩ። ከዚያ ጎማውን ከዳር እስከ ዳር በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ የባለቤቴንም እጅ ይዘው አስዳሰሷት። ጥርሱ ሸካራ ሆኗል።

«አሁን ጫናት» አሉኝ።

ባለቤቴ ሄልሜቷን አሰረች፣ ወጣች፣ ወገቤን ያዘችኝ። ከበፊቱ ጠበቅ አድርጋ ነው የያዘችኝ።

«ቀስ በል» አለች።

«ገና ሞተሩን አላስነሳሁም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።