ሦስት ጊዜ እፎይ

«አባዬ ሞቷል ስልሽ ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ?» አለች ልጇ፣ ታክሲው ከሆስፒታሉ በር ሲወጣ።

መጋረጃ ሰፊዋ እናቷ የምታስታውሰው ነርሷ ክንዷን ወግታ «አሁን እንቅልፍ ይወስድዎታል» ስትላት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠዋት የለም። ጨጓራዋን በካሜራ ለመታየት ነበር የሄደችው፤ ሐኪሙም ማደንዘዣው አንዳንድ ሰው ላይ ለጥቂት ሰዓት እንዲህ ያደርጋል፣ ያልፋል ብሏል።

«ምን አልኩ?»

«መጀመሪያ ነርሷን ‹ቶሎ በሉ፣ ሰውዬው እያንኳኳ ነው› አልሻት።»

እናትየዋ አንገቷን ደፋች። ልብስ ሰፊ የነበረው ባሏ ግማሽ ጎኑ ሽባ ከሆነ ጀምሮ፣ አልጋው ላይ ሆኖ በእንጨት ሜትሩ ግድግዳውን ያንኳኳ ነበር፤ ለውሃ፣ ለትራስ፣ አንዳንዴም ለምንም። እሷም ስፌቷን እየጣለች ትሮጣለች። ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን ዛሬም የስፌት መኪናዋን አቁማ ታዳምጣለች። ጎረቤቱ ሁሉ «ማስታመምስ እንደ እሷ!» ይላል፤ ልጇማ በእናቷ ትዕግሥት ያልማለችበት ቀን የለም።

«ከዚያስ?»

«አባዬ እኮ ሞቷል አልኩሽ። ‹እፎይ! ተገላገልኩ!› አልሽ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ትረሺዋለሽ፣ መልሰሽ እያንኳኳ ነው ትያለሽ። ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ፤ ሦስቴም እፎይ። በሦስተኛውማ የምሥራች እንዳመጣሁልሽ እጄን ሳምሽኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሾፌሩ ሬዲዮውን መቀነሱ ሳይቀር አሳፈራት። የቀብሩ ዕለት ያለቀሰችው የውሸቷን አልነበረም፤ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። እፎይታውን ግን ከእንባው ሥር ቀብራው ነበር፤ እስከ ዛሬ ማንም አላየባትም።

ልጇ እጇን ያዘቻት። «መድኃኒቱ ነው አይደል፣ እማዬ? ሰዎቹንም እንደዚያ ነው ያልኳቸው። መድኃኒቱ ያስቀባጥራል።»

አዎ ብትል ነገሩ እዚሁ ታክሲ ውስጥ ይቀራል። አዎ ልትል አፏንም ከፍታ ነበር። ነገ ግን ልጇ እንደ ልማዷ በእናቷ ትዕግሥት ትምላለች፤ በሐሰት የምታስምላት እሷው ልትሆን ነው።

«መድኃኒቱ አይደለም» አለች፣ ቀና ብላ ሳታያት። «አባትሽን እወደው ነበር። ሲሞትም እፎይ ብያለሁ።»