በግራ የተጠቀለለ ቴፍሎን

አባትየው ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ የሚያጥባቸው ታላቁ ልጃቸው ነው። ሙቅና ቀዝቃዛውን ውሃ የሚያደባልቀው የድሮው የሻወር ሚክሰር በፒንሳ ካልሆነ አይዞርምና ለብቻቸው መታጠብ አልቻሉም። እንደ ሕፃን እጃቸውን አንስተው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ይቆማሉ።

ዛሬ ሴቷ ልጃቸው አዲስ ሚክሰር ይዛ መጣች።

«ባለሙያ እንጥራ፤ ግድግዳው መፍረሱ አይቀርም» አለ ወንድሟ።

«አንዲት ሴራሚክ አትነካም!» ቆጣሪው ጋ ወርዳ ውሃውን ዘጋች።

አሮጌው በመከራ ተፈታ። ከግድግዳው ብቅ ያሉት ሁለት ቧንቧዎች የተኳረፉ ይመስላሉ፤ የሙቁ ከፍ፣ የቀዝቃዛው ዝቅ ብሏል። አዲሱ ሚክሰር ደግሞ እኩል ካልሆኑለት አይገባም። አብረውት የመጡትን ጠማማ ማያያዣዎች፣ ጥርሳቸው ላይ ውሃ የሚያግደውን ስስ የቴፍሎን ጥብጣብ ጠቅልላ አሰረች፤ አንዱን ወደ ታች፣ ሌላውን ወደ ላይ አዙራ አፋቸውን አስተካከለች። ሚክሰሩ ልክክ አለ።

«ጠማማን በጠማማ አቃናሁት!»

ውሃው ሲለቀቅ ግን ከሁለቱም ሥር ይንጠባጠብ ጀመር። ፈትታ፣ ቴፍሎን ጨምራ፣ መልሳ አጠበቀች። አሁንም ያንጠባጥባል።

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አለ ወንድሟ በሩን ተደግፎ። «ተይው በቃ። አሮጌውን መልሺውና አባዬን ልጠበው።»

«ማንም አያጥበኝም!» አሉ አባትየው ከኮሪደሩ። «አንቺ፣ ቴፍሎኑን በየትኛው እጅሽ ጠቀለልሽው?»

«በግራዬ ነዋ! ያንተው ልጅ አይደለሁ?»

አባትየው ከት ብለው ሳቁ። «እኔም ኩሽናውን ያጥለቀለቅኩት እንዲሁ ነው። እኛ ግራኞች ለእጃችን በቀናው አቅጣጫ ስንጠቀልል፣ ዕቃው ሲጠብቅ ቴፍሎኑ ይተረተራል። በተቃራኒው አዙሪው።»

ፈትታ አየችው። እውነትም ቴፍሎኑ ከጥርሱ ላይ ሸሽቶ፣ እንደ ወረደ ካልሲ ተሰብስቧል። ልጣ ጣለችና እንደ አዲስ ጀመረች። እጇ እንቢ አላት፤ ጥቅሉ ሁለቴ አመለጣት። አልለቀቀችውም። አስራ ስትጨርስ ውሃውን ከፍታ፣ ከሁለቱም ማያያዣዎች ሥር ሶፍት ይዛ ጠበቀች። ሶፍቱ እንደደረቀ ቀረ።

«አባዬ፣ ና ሞክረው። ሙቁ በግራህ ነው።»

በመዳፋቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ። መክፈቻውን አገኙት፤ በሁለት ጣት ዞረላቸው። መልሰው ዘጉትና፣

«ውጡ» አሉ።

በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ። ውሃው መውረድ ጀመረ፤ ከዚያም ጉሮሮ መጥረግ፣ ከዚያም ማንጎራጎር። ወንድምየው ልማድ ሆኖበት አላስችል አለውና አንኳኳ።

«አባዬ፣ ጀርባህን ልሽልህ?»

«ሰው አለ!»