ፌስታል ይጥፋ!

ክረምት በገባ ቁጥር እናቴ ቤት ጎርፍ ይገባል። ቤታችን ተክለ ሃይማኖት ከታች በኩል ነው፤ ከገበያው የሚወርደው ቱቦ ደጃፋችን ላይ ሲደርስ በፌስታል ይታፈንና ውኃው በሳሎናችን ያቋርጣል። አምና ፍራሹን አበላሸ፣ ካቻምና ፍሪጁን። እናቴ ጉልበቷን ታማለች፤ ውኃ ውስጥ ቆማ በባልዲ መቅዳት ከእንግዲህ አትችልም። ሌላ መሄጃ ደግሞ የለንም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰፈር ልጆች ጋር ጓንት አጥልቄ ቱቦ ጠረግሁ። በጠረግን በሳምንቱ ይሞላል። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ንድድ አለኝ። ፌስታል ከሰማይ አይዘንብም፤ የሚሸጠውና የሚያተርፍበት ሰው አለ። ምንጩ ሳይነካ ቱቦ መጥረግ ምን ያደርጋል? ጭድ ተራ ሄጄ ጋሼ ጁነዲን መደብር ፊት ለፊት ቆምኩ። የፌስታል ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ግማሽ አዲስ አበባ ሽንኩርቱን የሚያንጠለጥለው በእሳቸው ዕቃ ነው። ካርቶን ላይ በቀይ ቀለም በትልቁ ጽፌ ከፍ አደረግሁ፦ «ፌስታል ይጥፋ!»

መርካቶ ሥር ተወልጄ አድጌ ይህን ቃል መምረጤ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

መጀመሪያ ያየኝ ጎረቤታችን ፉርቃን ነው፤ ደላላ ነው። አነበበ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ስልኩን አወጣ።

«ስማ፣ ፌስታል ሊጠፋ ነው! ወላሂ! በጽሑፍ ወጥቷል እያልኩህ!»

መርካቶ ውስጥ ዕቃ ጠፋ ማለት ተወደደ ማለት ነው። ሊጠፋ ነው ማለት ደግሞ አሁኑኑ ግዛ ማለት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰልፉ መሳለሚያ ሊደርስ ምንም አልቀረው። በሕይወታቸው ፌስታል ሸጠው የማያውቁ የጫማና የሚስማር ነጋዴዎች አየር በአየር ገቡበት። ከመደብሩ ሳይወጣ ሦስቴ የተሸጠ እስር ነበር።

«ተሳስታችኋል!» ብዬ ጮህኩ። «ይጥፋ ማለቴ ከነጭራሹ ይቅር ነው!»

ፉርቃን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሀፍሷ፣ የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ ዝም ብለሽ ፀሐይ ላይ አትቆሚም። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።»

ካርቶኑን ገልብጬ «ፌስታል አትግዙ!» ብዬ ጻፍኩ። እሱማ ባሰ። «አትግዙ የምትለን ለብቻዋ ልትይዘው ነው!» ተባለና ሰልፉ ግፊያ ሆነ። አንዲት ሴትዮ እኔኑ ገፍትራ አለፈች።

ጋሼ ጁነዲን ከመደብሩ ሲወጡ ይደበድቡኛል ብዬ ነበር። ወንበር ነው የያዙት። አቧራውን በእጃቸው ጠርገው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ ያለ ቀን አላየሁም። አላህ ይስጥሽ። ፋብሪካው ሌሊትም እንዲሠራ አሁን ደወልኩ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የተቃወምኩት እርስዎን ነው!»

«አውቃለሁ። ነገም ተቃወሚኝ። ከቻልሽ በጠዋት ነይ።»

በንዴት አለቀስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ግን ንዴቴንም ካርቶኑንም ጥዬ ወደ እናቴ ሮጥኩ። ውኃው ቀድሞኛል። በሩን ስከፍት እስከ ጉልበቴ ደረሰ።

«እማ!»

«እዚህ ነኝ።»

ድምጿ ከላይ መጣ። አልጋዋ ወደ ኮርኒሱ ተጠግቷል፤ እሷ መሃሉ ላይ እግሯን አጣምራ ተቀምጣለች። ከአልጋው ሥር፣ በአራቱም ማዕዘን፣ አርባ እስር ፌስታል ተደርድሯል።

«ፉርቃን ደውሎ፣ ልጅሽ ፌስታል ይጠፋል እያለች ነው አለኝ። አንቺ ካልሽማ ብዬ በተሸካሚ አስመጣሁ። ልሸጠው ነበር፤ ግን አየሽ? ዘንድሮ ጠብታ አልነካኝም!»

እንዲህ ደስ ብሏት ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። እጇን ዘርግታ ሳበችኝና ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከታች ውኃው የጎረቤቱን ፌስታል ሁሉ እየነዳ በሳሎናችን ያልፋል።

«ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ይብሳል» አለች እናቴ። «ነገ ሌላ አርባ አምጪልኝ። ላንቺማ ያለ ሰልፍ ይሰጡሻል።»

«እሺ» አልኳት።