መመገብ ክልክል ነው

ጠባቂዋን በዚያ ሰሞን የሰው ዘር በሙሉ አስመርሯት ነበር። በሐይቁ ዳር ወዳለው የሕዝብ ደን ለሽርሽር የሚመጣውን ሁሉ የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለዝንጀሮ ምግብ አትስጡ። ይሰጣሉ። ሙዝ ይሰጣሉ፣ ዳቦ ይሰጣሉ፣ አንዱማ የልደት ኬክ ከነሻማው ሰጥቷል።

ዋናው ተቀባይ ጋሼ ነበር። ጋሼ ትከሻው የሰፋ ሽማግሌ ዝንጀሮ ነው፤ አረማመዱ ጡረታ የወጣ ባለሥልጣን ስለሚመስል ስሙን ያወጣችለት እሷው ናት። ድሮ ሥር ምሶ፣ ቅጠል ቀንጥሶ የሚያድር ጨዋ ነበር። አሁን የመኪና በር መክፈት ለመደ። የደኑ ኃላፊ የገዛ መኪናውን ወንበር ተዘንጥሎ ካገኘው በኋላ ቁርጡን ነገራት፤ ጋሼ ሰው ከነካ ይገደላል። ጥፋቱ የሚያበሉት ሰዎች ነው ብላ ብትሟገት፣ እንግዲያው እነሱን አስቁሚ አላት።

ታፔላ ይተከል ተባለ። የባሏ ታናሽ ወንድም ታፔላ ጸሐፊ ስለሆነ ደወለችለት። ስትደውል በአንድ እጇ ስልክ ይዛ፣ በሌላው ሙዝ የሚወረውር ጎልማሳ እያባረረች ነበር። የሚጻፈውን ጮኻ ነግራው ዘጋችው።

ታፔላው ነጭ ላይ በቀይ ተጽፎ፣ አምሮ ተተከለ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ባሰ። ሰዎች ምንጣፍ ዘርግተው፣ ምሳቃ ከፍተው፣ ታፔላውን አይተው ያጉረመርማሉ፤ ከዚያ ምሳውን እንዳለ ለጋሼ ያቀርቡለታል። ሆዱ ከፊቱ እየቀደመ መሄድ ጀመረ። ጠባቂዋ አንጀቷ አረረ። ልጆቿን ይዛ የመጣች አንዲት ሴትዮ ድንች ስታጎርሰው ደረሰችባት።

«እትዬ፣ ታፔላውን አላነበቡትም?»

«አንብቤ ነው እንጂ። መመገብ ክልክል ነው ስላላችሁ ልጆቼን ጦማቸውን አዋልኳቸው። ታዲያ ምግቡን ልድፋው? እሱ እንኳ ይብላው ብዬ ነው።»

ዞራ አነበበችው። «እዚህ መመገብ ክልክል ነው» ይላል። ደሟ ፈላ። ታፔላ ጸሐፊው ዋርሳዋ ጋ ደውላ የአፏን ሁሉ አወረደችበት። እስክትጨርስ ጠበቃት።

«እታለም፣ ያልሽኝን ነው የጻፍኩት። ‹ማንን መመገብ ልበል?› ብልሽ፣ ‹ማንን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል› ብለሽ ዘጋሽብኝ።»

እውነቱን ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ። አፈረች፤ ስላፈረችም ይበልጥ ተቆጣች፣ ዛሬውኑ ዝንጀሮ የሚለውን ክተትበት አለችው። መጥቶ ከተተበት፤ ‹እዚህ›ን አጥፍቶ በቦታው ጻፈው። እሷም ከሥሩ ቆማ አይታ ደግ ነው አለች፤ ማለት የፈለገችውን ስለምታውቅ ሌላ አልታያትም።

እሑድ ወጣቶች መጡና ታፔላውን አይተው በሳቅ ፈረሱ። «ዝንጀሮ መመገብ ክልክል ነው።» አንደኛው ኮስተር ብሎ፣ እስከ ዛሬ ይበላ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ከታፔላው ጋር ፎቶ ይነሣ ብለው ጋሼን በዳቦ ጠሩት፤ ቀረብ ሲል ዳቦውን ሳብ አደረጉት። ጋሼ ሰጥቶ መንሳት የሚባል ነገር አያውቅም። ዳቦውን ከያዘው ወጣት እጅ ጋር ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ጩኸቱ ግን ኃላፊው ቢሮ ደረሰ።

ጥፋቱ የታፔላው ነው፣ የኔ ነው ብላ ኃላፊውን ለመነችው።

«ታፔላ አይነክስም» አላት።

ጠመንጃ የያዘ ሰው በመኪና መጣ። ጋሼ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ፣ በዚያ በባለሥልጣን አረማመዱ፣ ወደ መኪናው አቀና። መኪና ለእሱ ምሳ ነው። ጠባቂዋ እየጮኸች ድንጋይ ወረወረችበት፤ አንዱ ጎኑን መታው። ቆም ብሎ አያት። ከዚያ ዞሯት አለፈና የመኪናውን በር ያዘ።

ሦስተኛውን ታፔላ ዋርሳዋ ሳይጠራ ሠርቶ አመጣው። «ለዝንጀሮ ምግብ አትስጡ» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለችው፤ ተከለችው ግን፣ ሌሎቹ ዝንጀሮዎች አሉና። ያቺ ሴትዮ ከልጆቿ ጋር ተመልሳ መጥታ ነበር። አነበበችው፣ ድንቿን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«ፊቱኑ እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ ማን ያበላው ነበር?» አለች፤ ዛፎቹን ቃኘት አድርጋም፣ «የታል እሱ?»

ጠባቂዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። የምትቆጣው ሰው አጣች።