ሰማያዊው ጫፍ

በስዊድኗ ሉንድ ከተማ ውስጥ የዐይን ሽፋን ቀዶ ሐኪም የሆነችው ኢንገር፣ ባልደረባዋን ቶሬን ከነመሣሪያው ትንቀው ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ቢላ ጨብጣ የኖረችን ሴት፣ የቆዳን የደም ዝውውር በሌዘር ብርሃን እለካለሁ ባይ ምን ሊያስተምራት? ቆዳው ደም ሲያገኝ ስክሪኑ ይቀላል፣ ሲያጣ ሰማያዊ ይሆናል፤ በቃ። «የሕፃን መጫወቻ» ትለዋለች፣ ያውም ፊት ለፊቱ።

ሰበብም አላጣችም። ባለፈው አንድ በሽተኛ ዐይኑን ሲያርገበግብ፣ መሣሪያው እንቅስቃሴው ደም መስሎት ስክሪኑ ፍም መሰለ። ኢንገር የቀረፋ ዳቦዋን እየገመጠች ይህን ስታወራ ያልሳቀ ነርስ የለም።

አንድ ቀን ዐይኗ አካባቢ ብቻ ደንዝዞ ቀዶ ጥገና አልጋው ላይ የተኛችው አሮጊቷ ኤልቪ ነበረች። ኢንገር ካንሰሩን ከታችኛው የዐይን ሽፋኗ ቆርጣ አወጣችና፣ ክፍተቱን ለመድፈን ከላይኛው ሽፋን ቆዳ በአንድ ጎኑ እንደተያያዘ ስባ ሰፋችው። ቆዳው ካልያዘ የኤልቪ ዐይን ሳይከደን መቅረቱ ነው።

ቶሬ ሌዘሩን አበራ። «ኢንገር፣ ጫፉ ሰማያዊ ነው። ስፌቱ አንቆታል፣ ትንሽ አላዪው።»

«ተነቃንቃ ይሆናላ!»

«መነቃነቅ እኮ ቀይ ነው የሚያሳየው።»

«ባለፈው በቀይ ዋሸህ፣ ዛሬ ደግሞ በሰማያዊ። ዞር በልልኝ፣ ጋረድከኝ!»

ነርሷ ሳቋን አፈነች። ክሩ መጥበቁን የኢንገርም ጣት አውቆታል፤ ማላላቱም ከባድ አልነበረም። ግን በዚህ ሰው ቃል? ሞቷን ትመርጣለች። የመጨረሻውን ቋጠሮ አጥብቃ አሰረች።

በሳምንቱ ፋሻው ሲፈታ የቆዳው ጫፍ ከሰል መስሏል። ቶሬ በሩ ላይ ቆሟል።

ኤልቪ የሐኪሟን እጅ ያዘች። «አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ! ያ መብራት ነው ያቃጠለኝ፤ ለልጄም ነግሬያታለሁ። ሰውዬው ሲጨቀጭቅሽ ሰምቼ የለ? እንኳን አባረርሽው!»

እውነቱን መናገር የኢንገር ፈንታ ነበር፤ አፏንም ከፈተች።

«ሊሆን ይችላል» አለች። የገዛ ድምጿን ስትሰማው ራሷን ተጸየፈች።

ቀና ስትል ቶሬ በሐዘኔታ ያያታል። ቢንቃት ይሻላት ነበር።